ምርጡ ሂሳችን ማኪያቶ ላይ ቀረ

“የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሃያሲ የለውም” የሚለውን ሮሮ ሳትሰሙት አትቀሩም። በየመድረኩ ይነሳል፣ በየቃለ መጠይቁ ይደገማል። እኔ አላምንበትም። ሃያሲ አለን፤ እንዲያውም ሞልቶናል። ማየት የፈለገ ሰው አንድ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ይገኝና መርሐ ግብሩ ሲያልቅ ቅርብ ያለ ካፌ ይግባ። ከአሥር ደቂቃ በፊት አዳራሽ ውስጥ “ድንቅ ሥራ!” እያሉ ሲያጨበጭቡ የነበሩ ሰዎች ስለዚያው መጽሐፍ ሌላ ጨዋታ ይዘዋል። አንዱ ታሪኩ የት ጋ እንደሚሞት ያውቃል። ሌላዋ፣ ሴቷ ገጸ ባሕርይ ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ በደራሲው አፍ መናገር መጀመሯን አስተውላለች። ሦስተኛው መጨረሻው ከየትኛው ልቦለድ ጋር እንደሚመሳሰል ምዕራፍ ጠቅሶ ይናገራል። በጥንቃቄ አንብበዋል፣ ማስረጃ አላቸው፣ ቋንቋቸውም ግልጽ ነው። ሂስ ከዚህ ሌላ ምንድነው?

ጠረጴዛው ላይ የጎደለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ደራሲው። እሱ አዳራሹ ውስጥ መጽሐፍ እየፈረመ ነው። ከመድረክ የተነገረውን ሙገሳ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ካፌ ውስጥ የተባለው ደግሞ ሐሜት ሆኖ ከብርጭቆው ጋር ይታጠባል። ቀጣዩን መጽሐፍ ሲጽፍ ያችኑ ሴት ከሦስተኛው ምዕራፍ በኋላ መልሶ በራሱ አፍ ያናግራታል። ማን ነገረውና!

ዕውቀቱ አለ ማለት ነው። የጠፋው የሚነገርበት ቦታና ጊዜ ነው። በተለይ ጊዜው።

ከግጥም ሥር “ገንቢ ሂስ እጠብቃለሁ” የሚል ማስታወሻ ስንቴ አይታችኋል? ፌስቡክ ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይ አለ፣ የታተመ መጽሐፍ መቅድም ላይ ሳይቀር አለ። ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ “እባካችሁ ቀስ በሉኝ” ማለት ነው። ነውር የለውም፣ መመታት የሚወድ ሰው የለም። ግን እስቲ ቃሉን እንደ ቃል እንየው። ግንባታ የሚባለው መሠረት ሲቆፈርና ግድግዳ ሲቆም ነው። ቤቱ አልቆ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ ዕቃው ገብቶ፣ ቡና ተፈልቶ እንግዳ ከተጠራ በኋላ “በሩ በዚያ በኩል ቢሆን ኖሮ…” የሚል ሰው ምንም አይገነባም። ልክ ሊሆን ይችላል፤ በሩ በእርግጥም በዚያ በኩል መሆን ነበረበት። ግን ባለቤቱ ምን ያድርግ? ወይ ይከፋዋል፣ ወይ ጥርሱን ነክሶ ይስቃል።

የታተመ መጽሐፍ እንደዚያ ቤት ነው። ስለዚህ በታተመ መጽሐፍ ላይ የሚጻፍ ሂስ ገንቢ ሊሆን አይችልም፤ ይሁን ብለን መጠየቅም የለብንም። የእሱ ባለጉዳይ አንባቢው ነው። ገንዘቡንና ሁለት ሌሊቱን ሊያወጣ ለተዘጋጀ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ይነግረዋል፤ አንብቦ ለጨረሰው ያላየውን ያሳየዋል። ደራሲውን ማረም የረቂቅ ጊዜ ሥራ ነው፤ ጽሑፉ ገና ሲቦካ፣ ሦስት ሰው ብቻ ሲያውቀው። እኛ ሁለቱን ደባልቀናቸዋል። ለረቂቅ የሚገባውን ርኅራኄ ለታተመ መጽሐፍ እንጠይቃለን። ለታተመ መጽሐፍ የሚገባውን ቁርጥ ያለ ቃል ካፌ ውስጥ እንጨርሰዋለን። ረቂቁን ራሱን ደግሞ ማንም አያየውም።

ለምን አያየውም? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው፤ የታወቀ ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። ብዙ የአማርኛ ደራሲ የሚያሳትመው በራሱ ኪስ ነው። የወረቀቱ፣ የማተሚያ ቤቱና የሽፋኑ ሒሳብ ከተደመረ በኋላ ለአርታዒ የሚተርፍ የለም። ቢተርፍም፣ “አርታዒ” ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ፊደል ለቃሚ ነው፤ “ሀ”ውን በ“ሐ” የሚተካ። አንድን ምዕራፍ አንስቶ “ይሄ ባይኖር ማን ይናፍቀዋል?” የሚል ሰው ሥራ ተደርጎ አይታሰብም።

ሁለተኛው ምክንያት ከገንዘብ ይጠልቃል። ቃሉ ራሱ የመጣብን በመጥፎ በር ነው። በአብዮቱ ዘመን ወጣት የነበረ ዘመድ ካላችሁ “ሂስ” ስትሉት ምን ትዝ እንደሚለው ጠይቁት። ግጥምም ልቦለድም አይደለም፤ ስብሰባ ነው። “ሂስና ግለ ሂስ” ይባል ነበር። ሰው ይነሳል፣ ጓዶቹ ጥፋቱን ይዘረዝሩለታል፣ ከዚያ እሱ በተራው ራሱን ይከሳል። “አድርባይ”፣ “ንዑስ ከበርቴ” የሚሉ ስሞች እንደ ማኅተም ይመቱበታል። ሥርዓቱ ተለወጠና ቃሉ “ግምገማ” ሆነ፤ ወንበሩ ግን ብዙም አልተለወጠም። በሁለቱም ቤት የሚታየው ሰውየው ነው እንጂ ሥራው አይደለም፤ የሚጠበቀውም ውጤት የተሻለ ሥራ ሳይሆን ኑዛዜ ነው።

ረቂቅን የማንበብ ሥልጣን ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሳንሱር ነበር። ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1985 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የጻፈ ሁሉ፣ ያልታተመ ጽሑፉን በግድ የሚያነብ ሰው የሚፈልገው የሚከስበትን ነገር መሆኑን ያውቃል። ከዚያ አልፎ የታተመውስ? በዓሉ ግርማ “ኦሮማይ”ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱ ራሱ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ግጥም የሚለጥፍ የ20 ዓመት ልጅ ይሄን ሁሉ እያሰበ ነው አልልም። ግን ልማድ ምክንያቱ ከተረሳ በኋላም ይኖራል። “አንድ ነገር ልበልህ” ሲባል ትከሻችን የሚሰበሰበው በከንቱ አይደለም። “ፊት የተናገረን ሰው ይጠላዋል፣ ፊት የበቀለን ወፍ ይበላዋል” የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ነን፤ የምንናገረው ሌላ ሰው ከተናገረ በኋላ ነው፤ ቢቻል ደግሞ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ።

የሚገርመው ግን በዚሁ አገር ረቂቅን በየቀኑ የሚያርም ተቋም ነበር፤ አሁንም አለ። ቅኔ ቤት።

ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ… ስሞቹን ሰምታችኋል። ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ብቻውን ወደ ዛፍ ጥላ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይወጣል። የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ያ ሲገራለት ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ እያለ ይወጣና ስምንት ቤት ያለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ ይመለስና ለየኔታው ይነግራል። የኔታው ያርማሉ። ግሱ ተዛብቷል፤ ዜማው ልኩን አልጠበቀም፤ ወርቁ ጥሩ ነው ሰሙ ግን ሊሸከመው አልቻለም። የዛሬ ገጣሚ ልብ ቢልልኝ የምወደው ይሄን የመጨረሻውን ነው። “ሐሳብህ ትልቅ ነው፣ ምስልህ ግን አልቻለውም” የሚል ሰው በሕይወታችን ስንቴ አጋጥሞናል?

ሌሎቹ ተማሪዎች እርማቱን ይሰማሉ። የአንዱ ስህተት የሁሉም ትምህርት ነው፤ ነገ ተራው የእነሱ ነውና ማንም ብዙ አይስቅም። የኔታው ራሳቸውም ቅኔ ይዘርፋሉ፤ የሚያርመው ሰው በዚያው ሜዳ ላይ ሲሮጥ ይታያል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ የሚማርከኝ ደግሞ የቅኔው ዕድሜ ነው። ቅኔ ለዕለቱ ነው፤ የትናንቱን ይዞ መምጣት አያስከብርም፣ ነገ አዲስ ይቆጠራል። ስለዚህ የዛሬው ቢበላሽ ስምህ አብሮ አይበላሽም። እርማት የማያዋርደው ሥራው ብዙና ቶሎ የሚተካ ሲሆን ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው አምስት ዓመት አምጦ አንዲት መድበል ያወጣል፤ ያቺ መድበል ስሙ ናት፣ ፊቱ ናት፣ ተበድሮ ያሳተማት ዕዳው ናት። እንዴት አድርጎ “አሥራ ሁለተኛዋ ግጥም ባዶ ናት” የሚልን ሰው ይስማ?

ወደ ቆሎ ተማሪነት እንመለስ እያልኩ አይደለም። ረሃቡ፣ ልመናው፣ የውሻው ንክሻ፣ የመምህሩ ቁጣ… የዚያን ሕይወት ጣዕም ማወቅ የፈለገ መንግሥቱ ለማ ከአባቱ ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት የቀዳውን “መጽሐፈ ትዝታ” ያንብብ፤ ከሳቁ ሥር ስንት መከራ እንዳለ ያያል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርማትን ከኑዛዜ ለይቶ የሚያውቅ ባህል አዲስ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም።

አሁን ወደ ተግባሩ እንግባ። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ አራት መስመር ገጥሜያለሁ። አንድ ጀማሪ ገጣሚ ትላንት ማታ የለጠፈው ነው በሉ።

እናቴ ሻማ ናት ለሌላ የምትቀልጥ፣
እናቴ ፀሐይ ናት ጨለማ የምትገልጥ፤
ትላንት ማታ መጥታ መሶቡን ከፈተች፣
ትንሽ አየት አርጋ መልሳ ከደነች።

ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ። “ዋው!” “አስለቀስከኝ ወንድሜ” “እናት ለዘላለም ትኑር” “እጅህ ይባረክ”። የእሳት ምልክት፣ የልብ ምልክት። ሰዎቹ አልዋሹም፤ እናታቸው ትዝ ብላቸዋለች። ግን ስለ ግጥሙ ምንም አልተናገሩም። ሌላው ይመጣና “ቤት ስለመታ ግጥም ነው ማለት አይደለም። ማንበብ ልመድ” ይላል። እሱም ስለ ግጥሙ አልተናገረም፤ ስለ ልጁ ነው የተናገረው። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው፤ ከአራቱ መስመር አንዷንም ሳይጠቅሱ አለፉ።

ሦስተኛው ዓይነት ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ገንቢ ይመስላል። “አሪፍ ነው፤ ግን መሶቡ ባዶ መሆኑ ግልጽ አልሆነም። አንድ ስንኝ ጨምርና ረሃቡን ግለጸው።” ልጁ በትሕትና ይቀበልና “ባዶ ነው መሶቡ፣ ራበን ልጆቿን” የሚል ነገር ይጨምራል። በቃ፣ ግጥሙ ሞተ። ምክር ሰጪው ልጁን እንደ ራሱ እንዲጽፍ ነው ያገዘው።

አንድ ጥሩ አንባቢ ምን ይል ነበር? እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች ሳላነብህም አውቃቸዋለሁ። እናት ሻማ መሆኗን፣ ሻማ መቅለጡን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰምቻለሁ። ደግሞ ሻማና ፀሐይ ጎን ለጎን ቆመው ይሻሻራሉ፤ ፀሐይ ባለችበት ሻማ ማን ያበራል? ቤቱ ግጥም አድርጎ የመታው እዚያ ላይ ነው፣ “የምትቀልጥ፣ የምትገልጥ”፤ ምናልባት መስመሮቹን ያመጣቸውም ቤቱ ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ግን ተቀመጥኩ። መሶብ ከፍታ፣ አየት አድርጋ፣ የከደነች ሴት። ባዶ ነው አላልክም። ራበን አላልክም። የቀረውን መሶብ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ቤቱ እዚያ ላይ ላላ ብሏል፣ “ተች” እና “ነች” በሚገባ አይጋጠሙም፤ አልጎዳውም። ይሄን ከአንተ ሌላ ማንም አልጻፈውም። ከዚህ ጀምር። አንዲት ነገር ብቻ፤ “አየት” ካልክ “ትንሽ” ምን ይሠራል? አየት ማድረግ ራሱ ትንሽ ማየት ነው። ቀለም ለመሙላት የገባ ቃል ይመስላል።

ይሄ ምክር ለስላሳ አይደለም፤ ከአራት መስመር ሁለቱን ጥሏል። ግን ልጁ ነገ ጠዋት የሚሠራበት ነገር አለው። የሚጥለውን ያውቃል፣ የሚይዘውን ያውቃል፣ አንዲት ቃል ይፈልጋል። ስለዚህ ለእኔ የገንቢ ሂስ መለኪያ ድምፁ አይደለም፤ በቁጣ የተነገረም ገንቢ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ጣት ነው፤ የትኛው መስመር ላይ ነው የጠቆመው? “ጥሩ ነው” ባዩም “አይረባም” ባዩም እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚናገረው።

ይሄ ወረቀት ላይ ሲሠራ ምን እንደሚመስል በዓይን ማየት ለሚፈልግ፣ ከእኛ ሰፈር ራቅ ያለ ግን በሰነድ የተያዘ ምሳሌ አለ። የቲ. ኤስ. ኤሊየት “ዘ ዌስት ላንድ” በ1922 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ግጥም አቅጣጫ ያስቀየረ ሥራ ነው። ኤሊየት መንፈሱ ታውኮ ስዊዘርላንድ ለሕክምና በሄደበት ወቅት ይሠራበት ነበር። ረቂቁን ፓሪስ ለነበረው ወዳጁ ለኤዝራ ፓውንድ ሰጠው። ፓውንድም ገጹን በገጽ ሰረዘው፤ ግማሽ ያህሉ ወጣ። ኤሊየት “ምናልባት” እያለ በሚያመነታበት ቦታ ኅዳጉ ላይ ተቆጥቶበታል። ረቂቁ ከነእርማቱ በ1971 እ.ኤ.አ. ስለታተመ ዛሬ ጭረቱን ሳይቀር ማየት ይቻላል።

(ፓውንድን እንደ ሰው ላሞግሰው አልፈልግም። በኋላ ለሙሶሊኒ ሬዲዮ ላይ የሰበከ ሰው ነው፤ ለእኛ አገር አንባቢ ይሄ ታልፎ የሚሄድ ነገር አይደለም። እዚህ የምናየው ብዕሩን ነው።)

ሰው የሚያወራው ስለ ቆረጠው ነው። እኔ ግን ያልቆረጠውን እወድለታለሁ። አራተኛው ክፍል፣ በውሃ ስለ መሞት የሚያወራው፣ ረቂቁ ላይ ረጅም የባሕር ጉዞ ታሪክ ነበረው። ጉዞው ወጣና አሥር መስመር ብቻ ቀረ። ኤሊየት በዚህ ጊዜ ተስፋ ሳይቆርጥ አልቀረም፤ “እንግዲያው ያንንም የሰመጠ መርከበኛ ላውጣው ይሆን?” ብሎ ጠየቀ። የፓውንድ መልስ “በፍጹም!” ነበር። መርከበኛው ቀደም ብሎ በግጥሙ ውስጥ በጥንቆላ ካርታ ላይ ታይቷልና ካልሰመጠ ግጥሙ ይጎድላል። ደራሲው ተሸንፎ ሁሉንም ሊጥል ሲል፣ ሲቆርጥ የነበረው ሰው ራሱ “ይሄ የግጥሙ አጥንት ነው፣ አትንካው” አለው። ኤሊየት በኋላ ግጥሙን ለፓውንድ ሲያበረክት ከእኔ የተሻለ ባለእጅ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ጻፈለት።

ደግሞ ሌላኛውን ገጽታ እንይ፤ አለዚያ “ይቆረጥ” የሚለውን ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። አሜሪካዊው አጭር ልቦለድ ጸሐፊ ሬይመንድ ካርቨር በ1980 እ.ኤ.አ. የታሪኮች ስብስብ ለአርታዒው ለጎርደን ሊሽ ሰጠ። ሊሽ አንዳንዶቹን ከግማሽ በላይ ቆርጦ፣ ርዕስ ለውጦ፣ መጨረሻ ቀይሮ መለሰለት። ካርቨር ከመጠጥ ሱስ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ላይ መጽሐፉ እንዲቆም እየለመነ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ፤ ጤናው፣ የአእምሮው ሰላም አደጋ ላይ እንደሆነ ነገረው። መጽሐፉ ግን በ1981 እ.ኤ.አ. በአብዛኛው ሊሽ እንደቆረጠው ወጣ። ዝና አመጣለት። ዓለም “የካርቨር አጻጻፍ” ብሎ ያደነቀው ያንን ጠርጦ ያስቀረውን አርፍተ ነገር ነው። ካርቨር በ1988 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ያልተቆረጡት ታሪኮች “ቢጊነርስ” በሚል ርዕስ የወጡት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

ሁለቱን ቅጂዎች ያስተያዩ አንባቢዎች እስካሁን ይከራከራሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአጫጭሮቹ አንዳንዶቹ ይሻላሉ። ነገሩን የሚያከብደውም ይሄው ነው! ጽሑፉ ተሻሽሎ ጸሐፊው ሊጠፋ ይችላል። ፓውንድ የሰረዘው ኤሊየት ራሱ ወዳየው ግጥም ለመድረስ ነው፤ የመጨረሻው ቃል የኤሊየት ነበር። ሊሽ ግን የሚታየው የራሱ መጽሐፍ ነበር። ስለዚህ ረቂቅ ከማንበባችሁ በፊት “ይሄ ጽሑፍ ምን መሆን ነው የሚፈልገው?” ብሎ መጠየቅ ትሕትና አይደለም፤ የሥራው ግማሽ ነው። የዳኛቸው ወርቁን “አደፍርስ” አስቡት። በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ አንባቢ አስቸጋሪ ነው ብሎ ሸሸው፤ ተራኪ እጁን ይዞ የሚወስደው ልቦለድ ለምዶ ነበርና። ዛሬ የአማርኛ ልቦለድ ታሪክ ያለ እሱ አይጻፍም። “ለምን እንደ ፍቅር እስከ መቃብር አልሆነም?” የሚል አርታዒ በረቂቁ ጊዜ ቢያገኘው ኖሮ አንድ ተጨማሪ ጥሩ ልቦለድ ይኖረን ይሆናል፤ “አደፍርስ” ግን አይኖረንም።

ስለ ተቀባዩም ላውራ። ሂስ ተቀበል ሲባል “እሺ በል” ማለት ይመስለናል። አይደለም። ወጥ የቀመሰ እንግዳ “ጨው በዝቷል” ካለ ምላሱን እመኑት፤ እሱ አይሳሳትም፣ በዝቶበታል። ቀጥሎ “ውሃ ጨምሩበት” ሲል ግን ድስቱ የእናንተ ነው። ሦስት አንባቢ እዚያው ገጽ ላይ ከሰለቸ ገጹ ታሟል፤ ሦስቱም የሚያዙት መድኃኒት ግን የተለያየ ነው፣ ምናልባት ሦስቱም ስህተት ነው። ስለዚህ “እንዴት ነው?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ የሚመለስላችሁ “አሪፍ ነው” ነው፣ ይሉኝታ ሌላ መልስ አያውቅም። “የት ጋ አቆምክ?” ብላችሁ ጠይቁ። “የትኛውን ገጽ ዘለልሽ?” በሉ። ለዚህ ይሉኝታ መልስ የለውም፤ ገጽ ቁጥር ነው የሚነገረው።

ጭብጨባንም ጠርጥሩት። የግጥም ምሽት የምታዘወትሩ ይገባችኋል። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ግጥሙ ሲያልቅ ሳይሆን የምትመታ ስንኝ ስትመጣ ነው። ከሦስት መድረክ በኋላ ገጣሚው ሳያውቀው ግጥም መጻፍ ያቆምና የሚጨበጨብላቸውን ስንኞች መደርደር ይጀምራል። የመሶቡ ስንኝ መድረክ ላይ አያስጨበጭብም። ዝም ያሰኛል፤ ዝምታ ደግሞ በቪዲዮ አይታይም።

አንድ ነገር ደግሞ ለሴት ጸሐፊዎች፣ ይልቁንም ለወንዶቹ። “ረቂቅሽን ላክሊኝ፣ አየዋለሁ” የምትለዋ ዓረፍተ ነገር በብዙ ወጣት ሴቶች የመልእክት ሳጥን ውስጥ አለች፤ ሁሌም ስለ ረቂቁ አይደለችም። አንጋፋነትን እንደ መግቢያ ትኬት የሚጠቀሙ ሰዎች፣ አንዲት ልጅ በሌላ ሰው ዓይን ሥራዋን የማየት ዕድሏን ይዘርፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ለእውነተኛው አንባቢም በሯን ትዘጋለች። ይሄም የሂስ ታሪካችን አካል ነው፤ ካፌ ውስጥ ይታወቃል፣ መድረክ ላይ አይነሳም።

ታዲያ ረቂቅ የት ይነበብ? አሳታሚ እስኪጠነክር፣ አርታዒ ደመወዝ እስኪያገኝ መጠበቅ ይቻላል። እኔ ግን የምናውቀውን ነገር እንጠቀም ባይ ነኝ። ዕቁብ። አምስት ሰው፣ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ዕጣ እየተጣለ። ዕጣው የደረሰው ከአሥር ገጽ የማይበልጥ ረቂቅ ከሦስት ቀን በፊት ይልካል። ሌሎቹ አትመው፣ እርሳስ ይዘው አንብበው ይመጣሉ፤ ስልክ ላይ የተነበበ አይቆጠርም፣ ኅዳግ የለውማ። ባለ ዕጣው አራቱም ተናግረው እስኪጨርሱ አፉን አይከፍትም፤ ራሱን ለመከላከል አንድ ቃል ካወጣ ዳኛው ያስቆመዋል። ዕቁብ ዳኛ እንዳለው አትርሱ። ማንም መስመር ሳይጠቅስ “ወድጄዋለሁ” ወይም “አልወደድኩትም” ማለት አይችልም። አንድ ሰው የሚቀጥለውን ስንኝ ልጻፍልህ ካለ ይቀጣል። ወረቀቶቹ ከነእርሳስ ምልክታቸው ለባለቤቱ ይሰጣሉ፤ የሚሰማውንና የማይሰማውን ቤቱ ሄዶ ይለያል፣ ለማንም ሪፖርት አያቀርብም። ዕጣ ወስዶ መጥፋት እንደ ማንኛውም ዕቁብ ነውር ነው፤ ያንተ ከተነበበ በኋላ የሌላው ሲነበብ መቅረት የለም።

ቦታው ያው ካፌ ሊሆን ይችላል። ማኪያቶውን የሚከፍለው ባለ ዕጣው ነው።